የይቅርታ ትርጉምና በዕለት ኑሯችን ያለው ስፍራ

«ይቅርታ» ከጧት እስከ ማታ ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር የረገጠ መንገደኛ «ይቅርታ» ይላል፤ ደወል ከተደወለ በኋላ የደረሰ ተማሪ በክፍሉ በር ቆሞ «ይቅርታ» ይላል፤ የሰው ንግግር የሚያቋርጥ ሰውም አስቀድሞ «ይቅርታ» ይላል። ወንድሙ የተገደለበት ሰው በሽማግሌዎች ፊት ከገዳዩ አፍ የሚሰማውም ይህንኑ ቃል ነው። አንዱ ቃል ለተረገጠ እግርም ለፈሰሰ ደምም የሚነገር ከሆነ ትርጉሙን በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ምንባብ በመጀመሪያ ቃሉን ራሱን፣ ቀጥሎ በአገራችን ታሪክና ልማድ የታየበትን መንገድ፣ በመጨረሻም በእናንተ የዕለት ኑሮ ውስጥ ያለውን ስፍራ እንመለከታለን።

በሰዋስው ትምህርታችሁ እንደምታውቁት ብዙዎቹ የአማርኛ ስሞች ከግሥ የሚወጡ ናቸው። «ይቅርታ»ም የወጣው «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። «ሄደ» ብሎ «ይሂድ»፣ «ወረደ» ብሎ «ይውረድ» እንደሚል ሁሉ፣ «ቀረ» በትእዛዝ አንቀጽ ለሦስተኛ መደብ ሲነገር «ይቅር» ይሆናል። «ይቅር» በሚለው ላይ «አለ» ሲጨመርበት «ይቅር አለ» የሚለውን እናገኛለን። እንግዲህ በቋንቋችን ይቅር የሚል ሰው በልቡ የሚያስብ ብቻ ሳይሆን አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው ነው።

አሁን ደግሞ «ቀረ» ምን እንደሚል ልብ በሉ። «ሠርጉ ቀረ» ስንል ይደረጋል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው ሠርግ አልተደረገም ማለታችን ነው። «ጉዞው ቀረ» ስንልም ታስቦ የነበረው ጉዞ አልሆነም ማለታችን ነው። የሚቀረው ወደ ፊት ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው ነገር ነው፤ ያለፈውና የተፈጸመው ነገር ግን ሊቀር አይችልም። በዚህ ዓይን ስንመለከተው፣ ተበዳዩ «ይቅር» ሲል የሚያስቀረው የተፈጸመውን በደል አይደለም፤ በደሉ ሆኗልና። የሚያስቀረው ከበደሉ ቀጥሎ ሊመጣ የነበረውን በቀል ነው። «ልመልስ የሚገባኝ ብድር ነበር፤ እርሱ ይቅር» እንደማለት ነው። ይህን አንድ ነጥብ አጥብቃችሁ ብትይዙ፣ ስለ ይቅርታ በየጊዜው ከሚነገሩት የተሳሳቱ አስተያየቶች ብዙዎቹን ለማረም ትችላላችሁ።

ይቅርታን ከጎረቤቶቹ ቃላት መለየትም ይገባል። «ምሕረት» ሥልጣን ያለው ለሌለው፣ የበላይ ለበታች የሚሰጠው ነው። «ካሳ» በዳዩ ላጠፋው ነገር የሚከፍለው ነው። «ዕርቅ» ግን የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ሰው ብቻውን ይቅር ሊል ይችላል፤ ብቻውን ሊታረቅ ግን አይችልም። ባጭሩ፣ ይቅርታ በተበዳዩ እጅ፣ ካሳ በበዳዩ እጅ፣ ዕርቅ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። በአማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ዘንድ «አፉ በሉኝ» የሚለው አነጋገር ከዐረብኛ የተወረሰ ሲሆን፣ እርሱም ይቅርታ መጠየቂያ ነው። ቃላቱ ቢለያዩም ጠያቂው የሚለምነው ነገር አንድ ነው።

ስለ ይቅርታ ከሚነገሩት የተሳሳቱ አስተያየቶች የመጀመሪያው «ይቅርታ የደካማ ሰው ጠባይ ነው» የሚለው ነው። አቅም ያጣ ሰው ዝም ቢል ይህ መታገሥ እንጂ ይቅርታ አይባልም፤ የሚያስቀረው በቀል በእጁ የለምና። ይቅርታ ጎልቶ የሚታየው መበቀል የሚችል ሰው ሳይበቀል ሲቀር ነው። ለዚህ ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እንመልከት።

በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ በስተደቡብ ባለው አገር የንግድ መንገድና ገቢ ምክንያት ተጣልተው እምባቦ በተባለው ስፍራ ጦር ገጠሙ። ድሉ የምኒልክ ሆነ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቆስለው ተማረኩ። በዚያን ጊዜ አሸናፊው በተሸናፊው ላይ የፈለገውን ለማድረግ የሚከለክለው አልነበረም። ምኒልክ ግን ምርኮኛቸውን በክብር ያዙ፤ ቁስላቸውንም አስታመሙ። ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከጣልያን ጦር ጋር ውጊያ ሲደረግ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ተሰልፈዋል። በእነዚህ ዓመታት መካከል ብዙ የፖለቲካ ውጣ ውረድ ስለ ነበረ፣ ሁለቱን ነገሥታት በዐድዋ ያሰለፋቸው የእምባቦው ደግነት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በእምባቦ የተማረከው ንጉሥ በዚያው ተገድሎ ቢሆን ኖሮ በሸዋና በጎጃም መካከል የደም ቂም ይቀር እንደ ነበር፣ የዐድዋውም ሰልፍ በዚያ መልክ ባልሆነ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የተሳሳተ አስተያየት «ይቅር ማለት መርሳት ነው» የሚለው ነው። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት የሰውን ተፈጥሮ አስተውለው ነው። መርሳት በፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ይቅር ማለት ግን በፈቃድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሰው «እስካሁን አልረሳሁትም» ስላለ ብቻ ይቅር አላለም ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ይህንንም በታሪካችን እናገኘዋለን። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ የፋሺስት ወታደሮችና ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ሕዝብ ፈጁ፤ ቤቱንም ከነነዋሪው አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ በሺህ የሚቆጠሩ ጣልያናውያን በከተማው ውስጥ ነበሩ። የበቀል ዕድል በሕዝቡ እጅ ገብቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት እንዳደረገውም ግፍ እንዳያደርግ አሳሰቡ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጣልያናውያን በኢትዮጵያ ቀርተው በመካኒክነት፣ በግንበኝነት፣ በንግድና በሌላም ሥራ ኖረዋል።

ታዲያ የካቲት 12 ተረሳን? አልተረሳም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አደባባይ የሰማዕታቱ ሐውልት ቆሟል፤ ቀኑም በየዓመቱ ይታሰባል። አንዱ ሕዝብ ሐውልቱን አቁሞ የሞቱትን ያስባል፤ ደግሞም በቀልን ትቶ ከገዳዮቹ አገር ሰዎች ጋር በሰላም ይኖራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች አይጣሉም። የሚታሰበው ያለፈው በደል ነው፤ የቀረው ደግሞ ሊመጣ የነበረው በቀል ነው።

ሦስተኛው የተሳሳተ አስተያየት «ይቅር ካልህ ሌላ ነገር አትጠይቅ» የሚለው ነው። ይህን አስተያየት የሚወዱት ብዙውን ጊዜ በዳዮች ናቸው። ነገር ግን ይቅርታ በቀልን እንጂ ካሳን አያስቀርም። ከላይ ባየነው ታሪክም የሆነው ይኸው ነው። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍልና የዘረፈቻቸውን ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተወስኖ ነበር። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ የቆመው ሐውልት ከቅርሶቹ አንዱ ነው። ሐውልቱ በ18 ወር ሳይሆን ውሉ ከተፈረመ ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም.፣ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቀድሞ ስፍራው ቆመ። ኢትዮጵያውያን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሐውልቱ ይመለስ ዘንድ መጠየቃቸው ቂመኞች አያሰኛቸውም። የራስን ንብረት መጠየቅና መበቀል የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ይህ አስተሳሰብ በሕዝባችን ልማድ ውስጥም ሥር የሰደደ ነው። በአማራው ሕዝብ ዘንድ «ደም ማድረቅ»፣ በኦሮሞው ሕዝብ ዘንድ «ጉማ» በመባል የሚታወቁትን ሥርዓቶች ተመልከቱ። ነፍስ ሲጠፋ የሟች ወገን ደም ለመመለስ፣ የገዳይ ወገን ደግሞ ለመከላከል ይሰናዳል። ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ነገሩን ያበርዳሉ። ዝርዝሩ እንደ አካባቢው ቢለያይም ዋናው አካሄድ ይመሳሰላል፤ አስቀድሞ ጥፋቱ ይታመናል፤ ቀጥሎ ካሳው በከብት ወይም በገንዘብ ይቈረጣል፤ ከዚያም በዳዩ በሟች ቤተሰብ ፊት ዝቅ ብሎ ይቀርባል። በብዙ ቦታ ድንጋይ ተሸክሞ ይጐነበሳል። የሟች ወገን «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፦ መጀመሪያ እውነቱ፣ ቀጥሎ ካሳው፣ በመጨረሻ ቃሉ። ሽማግሌዎቹ በየተራ የሚያስኬዱት በከንቱ አይደለም፤ እውነት ሳይነገር የተሰጠ ይቅርታ ቁስልን ሳያጥቡ እንደ ማሰር ያለ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

እስካሁን የተመለከትነው የነገሥታትን፣ የአገሮችንና የጎሣዎችን ጉዳይ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ግን ይቅርታን የሚያገኙት በክፍልና በቤት ውስጥ፣ በትንንሽ ጉዳይ ነው። ሥርዓቱ በትንሹም ጉዳይ ያው መሆኑን በሚከተለው ምሳሌ እንይ።

በአንድ ዴስክ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አሉ እንበል። አንደኛው ለፈተና ሳምንት ሲቀረው የታሪክ ደብተሩን ለጓደኛው ያውሰዋል። ጓደኛው ደብተሩን ይጥለዋል፤ ሲጠየቅም «መልሼልሃለሁ» ብሎ ይክዳል። ከሁለት ቀን በኋላ ኅሊናው ሲወቅሰው ይቅርታ ለመጠየቅ ይነሣል። እስቲ ሊናገር የሚችላቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

የመጀመሪያው፦ «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ።»

ሁለተኛው፦ «ይቅርታ፤ ግን አንተም ባለፈው እስክርቢቶዬን ሰብረሃል።»

ሦስተኛው፦ «ደብተርህን የጣልሁት እኔ ነኝ፤ መልሼልሃለሁ ያልሁህም ሐሰት ነው። ከሌላ ሰው ተውሼ ማታ ማታ እገለብጥልሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ከሆነ» በሚለው ቃል በደሉን ያጠራጥራል፤ በደሉ የሆነው በተበዳዩ ስሜት ውስጥ እንጂ በተናጋሪው ሥራ አይመስልም። ሁለተኛው «ግን» በሚለው መስተጻምር ይቅርታውን ወደ ክስ ይለውጣል። ሦስተኛው ብቻ ሦስቱን ነገሮች አሟልቶ ይዟል፤ ያደረገውን በራሱ ስም ይናገራል፤ ካሳውን ያቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ይለምናል። ይህ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ነው። ይቅርታ የምትጠይቁበትን ደብዳቤ በምትጽፉበት ጊዜም «ከሆነ»ንና «ግን»ን ከጽሑፋችሁ አውጡ፤ ያለ እነርሱ የሚቆም ከሆነ ደብዳቤው ደኅና ነው።

ይቅርታ የሚጠየቅበትም ቦታ ይታሰብበት። በደሉ በተፈጸመበት አደባባይ ይቅርታው ሊነገር ይገባል። ጓደኛውን በክፍሉ ሁሉ ፊት «ሌባ» ብሎ የሰደበ ተማሪ፣ እውነቱ በታወቀ ጊዜ በጓሮ በኩል ጠርቶ በሹክሹክታ ይቅርታ ቢጠይቅ ዕዳውን በሙሉ አልከፈለም። ስድቡን የሰሙት ሁሉ ይቅርታውን ሊሰሙት ይገባል። በአንጻሩ በምስጢር የተፈጸመውን በደል በአደባባይ ማውራት ተበዳዩን ሁለተኛ ማሳፈር ሊሆን ይችላል።

በልማዳችን ይቅርታ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ታናሹ ነው። ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» ይባላል፤ ታላቅም ሰው ነውና ይሳሳታል። ያላጠፋውን ልጁን የቀጣ አባት እውነቱን በተረዳ ጊዜ «ልጄ፣ ተሳስቼ ነው፤ ይቅር በለኝ» ቢል ክብሩ አይቀነስበትም። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅርታ መጠየቅ የታናሽነት ምልክት ሳይሆን የእውነተኛነት ምልክት መሆኑን ይማራል። እናንተም ነገ ታላቅ ወንድም፣ ታላቅ እኅት፣ ወላጅና አለቃ በምትሆኑበት ጊዜ ይህን አትዘንጉ።

አሁን ደግሞ በተበዳዩ ወገን ቆማችሁ አስቡ። ይቅርታ ስትጠየቁ ወዲያውኑ «እሺ» ማለት ግዴታ አይደለም። ትልቅ በደል ጊዜ ይፈልጋል፤ «እስክረጋጋ ጊዜ ስጠኝ» ማለትም ያልተገባ መልስ አይደለም። ይቅር ካላችሁ በኋላ ግን ቃላችሁን ጠብቁ። በየጠቡ መካከል ያለፈውን ደብተር የሚያነሣ ሰው ይቅር ያለ ሰው አይደለም፤ በቀሉን ለሌላ ቀን አስቀምጦት ኖሯል። ይህ ማለት ግን ለዚያው ጓደኛ በማግሥቱ ሌላ ደብተር ማዋስ አለባችሁ ማለት አይደለም። ይቅርታ በአንድ ቃል ይሰጣል፤ የጠፋ አመኔታ ግን በብዙ ቀን ሥራ ይመለሳል። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው ወይ ይቅር ለማለት ይፈራል፣ ወይ ደጋግሞ ይጐዳል።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ ማንሣት ያስፈልጋል። ይቅርታ የተበዳዩ ስጦታ ስለ ሆነ በግድ ሊወሰድ አይችልም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የቤተሰብ ስም እንዳይጠፋ ወይም ነገር እንዳይበዛ በማለት፣ የተደበደበችውን ሚስት ወይም የተደፈረችውን ልጅ «ይቅር በይ» እያለ ያስጨንቃል። እውነቱ ሳይነገር፣ ካሳው ሳይቀርብ፣ በደሉም ሳይቆም የሚጠየቅ እንዲህ ያለ ቃል ስሙ ይቅርታ ቢሆንም ሥራው ዝም ማሰኘት ነው። በዳዩን ለሁለተኛ በደል ያደፋፍራል። እንዲህ ያለ ነገር በእናንተ ወይም በምታውቁት ሰው ላይ ቢደርስ፣ ለምታምኑት ትልቅ ሰው፣ ለመምህር ወይም ለፖሊስ መናገር ቂመኝነት አይደለም።

ሕግም ይህን ልዩነት ያውቃል። ነፍስ እንደ መግደል ባለ ከባድ ወንጀል የተበዳይ ቤተሰብ ይቅር ቢልም ይህ ብቻውን ክሱን አያስቀርም፤ ምክንያቱም የተጐዳው ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን መላው ኅብረተሰብ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ደግሞ፣ የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ በአስገዳጅ ሰውን መሰወርና ኢሰብአዊ ድብደባ የመሳሰሉት በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በመንግሥት አካል ምሕረት ወይም ይቅርታ እንደማይታለፉ ይደነግጋል። ተበዳዩ በልቡ የያዘውን በቀል ሊያስቀር ይችላል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ሥራውን ይሠራል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ታዲያ በደሉ የማይፋቅ፣ ትዝታው የማይጠፋ፣ ካሳና ፍርድም የማይቀሩ ከሆነ፣ ይቅርታ ለተበዳዩ ምን ይጠቅመዋል? መልሱን ለማግኘት ቂም የያዘን ሰው መመልከት ይበቃል። ቂመኛ በዳዩ በሚያልፍበት መንገድ አያልፍም፤ በዳዩ በተጠራበት ሠርግ አይገኝም፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ የሚያስበው ስለ ራሱ ሥራ ሳይሆን ስለዚያ ሰው ነው። የቀኑ ሐሳብ፣ የሌሊቱ ዕረፍትና የሚሄድበት መንገድ በማይወደው ሰው ትእዛዝ ሥር ወድቀዋል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ሳል ሌባውን እንደሚያጋልጠው ሁሉ ቂምም የያዘውን ሰው የጀመረውን ሥራ ያሰናክልበታል። ይቅር ያለ ሰው ግን ቢያንስ የራሱን ቀን ያስመልሳል።

ስለዚህ ከእንግዲህ «ይቅርታ» የሚለውን ቃል በአፋችሁ ስታነሡ ወይም በጆሯችሁ ስትሰሙ ራሳችሁን ጠይቁ። ጠያቂዎች ከሆናችሁ፦ ያደረግሁትን በስሙ ጠርቻለሁን? ያበላሸሁትንስ ለመጠገን ተነሥቻለሁን? ተጠያቂዎች ከሆናችሁ ደግሞ፦ ልመልሰው ያሰብሁት ክፉ ነገር በእርግጥ ይቅር ብያለሁን፣ ወይስ ለሌላ ቀን አስቀምጨዋለሁ? እነዚህን ጥያቄዎች በእውነት የመለሰ ተማሪ የተረገጠውን እግርም ሆነ ከዚያ የከበደውን በደል በተገቢው ቃል ለመቀበልና ለመመለስ ይችላል።